ወገብ ድረስ ባለ ባሕር ካይት ለምትይዙ፦ ጅማ ሆኜ የጻፍኩት መመሪያ

ያደግኩት አዌቱ ወንዝ ዳር ነው። በበጋ አዌቱን ሱሪ ጠቅልሎ መሻገር ይቻላል፤ ልጆች ሆነን ጫማችንን በእጃችን ይዘን ስንት ጊዜ ተሻግረነዋል። ክረምት ገብቶ ላይኛው አገር ሲዘንብ ግን ያው ጉልበት ድረስ የነበረው ውሃ ጎልማሳ ሰው ጠልፎ ይጥላል። እናቴ ሁልጊዜ «ውሃን በቁመቱ አትለኩት፤ በችኮላው ለኩት» ትለን ነበር። ነገሯ በደንብ የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ ዲያኒ በሚባለው የኬንያ ባሕር ዳርቻ፣ አሸዋ ላይ በግንባሬ ከተደፋሁ ወዲህ ነው።

ዲያኒ ውስጥ አንድ የካይት ማሠልጠኛ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ፓምፕ ተሸክሜ፣ ካይት ሲነሳ ደግፌ፣ ሲያርፍ ተቀብዬ አሳለፍኩት። ቀጥሎ ረዳት፣ በመጨረሻም አስተማሪ ሆንኩ። አሁን ጅማ ተመልሼ ቡና ላይ ነው የምሠራው። ይሁንና ወጣቶች እየመጡ ይጠይቁኛል። አንዱ ሞምባሳ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ነው፤ አንዷ ጅቡቲ ያለች እህቷ ጋ ትሻገራለች፤ ሌላው ዱባይ ይሠራል፣ በእረፍቱ ቀን ባሕር ዳር እየሄደ ካይት ሲያይ ልቡ ተነሥቷል። ሁሉም ግን አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «ጋሼ፣ ውሃው ወገብ ድረስ ነው አሉ። ዋና ባልችልም ችግር የለውም አይደል?»

ችግር አለው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለእነሱ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገር። ካይትሰርፊንግ ማለት እግርን ቦርድ ላይ አስገብቶ፣ በአየር በተነፋ ትልቅ ካይት እየተጎተቱ ውሃ ላይ መንሸራተት ነው። ካይቱ በ4፣ አንዳንዱም በ5 ቀጫጭን ገመዶች በእጃችሁ ከምትይዙት ዘንግ፣ ከባሩ፣ ጋር ይገናኛል። ገመዶቹ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 24 ሜትር ይረዝማሉ። ባሩ ደግሞ ወገባችሁ ላይ ከታጠቃችሁት ሃርነስ ጋር ይያያዛል። ጉተታው ያለው ወገባችሁ ላይ ስለሆነ፣ ደክሟችሁ እጃችሁን ብትለቁም ከካይቱ ጋር እንደታሰራችሁ ናችሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚመጣ ነው።

ከጥልቁ ይልቅ ጉልበት ድረስ ያለውን ፍሩ

እንደ ዲያኒ ያለ፣ ከፊቱ የኮራል አለት አጥር ሆኖ ማዕበሉን የሚሰብርለት የባሕር ዳርቻ ለጀማሪ መልካም ነው። ግብፅ ውስጥ ኤል ጉናም በዚሁ ይታወቃል። ውሃው ረጋ ያለ ነው፤ ስትወድቁ ትቆማላችሁ፤ ቦርዳችሁ ሲያመልጣችሁ በእግራችሁ ሄዳችሁ ታመጡታላችሁ፤ አስተማሪውም አጠገባችሁ ቆሞ ሊያናግራችሁ ይችላል። ይህን ጥቅሙን አልክድም።

አዲስ ሰው ግን ደረት ድረስ ሲሆንበት ይሸሻል፣ ጉልበቱ ጋ ሲደርስ «እዚህ እፎይ» ይላል። እኔ የምፈራው ይህንኑ ጉልበት ድረስ ያለውን ነው። ደረት ድረስ ያለ ውሃ ስትወድቁ ይቀበላችኋል። ጉልበት ድረስ ያለው ግን ውሃ የለበሰ ደረቅ መሬት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየተጎተታችሁ ብትወድቁ የሚያገኛችሁ አሸዋው ወይም አለቱ ነው።

እኔ የወደቅኩበትን ልንገራችሁ። ሦስተኛ ዓመቴ ነበር፣ ሥራ ጨርሰን ነበር፣ ባሕሩም እየጎደለ ነበር። «አንድ ጊዜ ብቻ ደርሼ ልምጣ» ብዬ ገባሁ። ከአንድ ሰዓት በፊት ወገቤ ድረስ የነበረው ቦታ አሁን ቅልጥሜ ጋ ደርሷል፤ አይቻለሁ፣ ግን ቦታውን አውቀዋለሁ ብዬ አለፍኩት። መሐል ላይ ነፋሱ ለአፍታ ረገበ፤ ካይቱ መሳብ ሲያቆም ቦርዱ ወደ ታች ሰመጠ፤ ከቦርዱ ስር ያሉት የዓሣ ክንፍ የመሰሉ ፊኖች የአሸዋ ቁልል ያዙ። ቦርዱ ቀጥ አለ፣ እኔ ግን አልቆምኩም። እጄን ዘርግቼ በግንባሬ ሄድኩ። የቀኝ አንጓዬ ተሰበረ፣ ፊቴ ተላጠ። አንገቴ የተረፈው እጄ ቀድሞ ስለደረሰ ነው፤ ያቺን ስንዝር የምታህል ልዩነት እስከ ዛሬ አስባታለሁ።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ልክ ይህ ነው። ለመማር ከእምብርት እስከ ደረት ያለ ውሃ እመርጣለሁ። ከጉልበት በታች ሲሆን ከቦርዱ ወርጄ፣ ካይቱን ይዤ በእግሬ እሄዳለሁ። ዝላይን በተመለከተ፣ ከደረት በታች በሆነ ውሃ ላይ አልዘልም፣ ተማሪም አላዘልልም። ሰዎች ጉልበት ድረስ ባለ ውሃ ላይ ሲዘሉ በቪዲዮ ታያላችሁ፤ ስንቴ እንደወደቁ ቪዲዮው አያሳይም።

አወዳደቅም ይማራሉ። መውደቃችሁ ሲገባችሁ ባሩን ልቀቁት፤ ያኔ ካይቱ አብዛኛውን ጉልበቱን ያጣል። ከዚያ በጀርባችሁ ወይም በጎናችሁ ተዘርጋችሁ ውደቁ፤ ሰውነታችሁ ሰፊ ሲሆን ውሃው ላይ ላዩን ይይዛችኋል። በእጅ ፊትን ሸፍኑ፤ አገጭን ወደ ደረት ሳቡ። በእግር ቀጥ ብሎ መቆም ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ይሰብራል። በጭንቅላት መጥለቅ የሚባለውን ደግሞ ከቦርድም፣ ከጀልባም፣ ከድንጋይም ላይ ፈጽሞ አታስቡት። ሄልሜት ተማሪ ሳላችሁ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላም አድርጉ። የቦርድ ማሰሪያ ገመድ የሚባለውን ግን ተዉት፤ ስትወድቁ ቦርዱን እንደ ላስቲክ አስፈንጥሮ ወደ ጭንቅላታችሁ ይመልሰዋል።

ባሕሩ ይሞላል፣ ይጎድላል

የእኛ አገር ሐይቅ በቀን ውስጥ ቁመቱን ሲቀይር አላየንምና ይህ ነገር ለደጋ ሰው ይከብዳል። ሞምባሳና ዲያኒ ላይ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ትንሽ ከ6 ሰዓት ይበልጣል፤ በየቀኑም በ50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ልዩነቱ በትልቁ ሰሞን ከ3 ሜትር በላይ ይሆናል። ጠዋት ዋና የሚያስፈልገው ቦታ ከሰዓት በኋላ ሰው ሽርሽር የሚሄድበት አሸዋ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ውሃው ሲጎድል እኩል አይጎድልም። በመጀመሪያው ሰዓት ዝግ ይላል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ግን ከጠቅላላው ግማሹ በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ብቻ ይሄዳል። እኔን የሸወደኝም ይኸው ነው። «ገና ሁለት ሰዓት ነው የጎደለው» ብሎ የሚገባ ሰው ሲወጣ አለት ላይ ይቆማል።

ትልቁ ሰሞን መቼ እንደሆነ ለማወቅ ጨረቃን እዩ። አዲስ ጨረቃ ስትወጣና ሙሉ ስትሆን ባሕሩ ብዙ ይሞላል፣ ብዙም ይጎድላል፤ በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ልዩነቱ ያንሳል። ጅማ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነው። ረመዳን መያዣና መፍቻ ሲደርስ ሰፈሩ ሁሉ አንጋጦ ጨረቃ ሲጠብቅ ያደግን ነን። ጨረቃ ታየች በተባለ ሰሞን ዲያኒ ከሆናችሁ፣ በጉድለቱ ሰዓት ካይታችሁን አጣጥፋችሁ ሻይ ጠጡ።

ጎረቤት አሳ አጥማጆችን ጠይቁ፤ ከማንም በላይ ያውቃሉ። የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ እንደኛው ከንጋት የሚጀምር ነው፤ አሳ አጥማጁ «ሳ ታቱ» ካለ የእኛው ሦስት ሰዓት ነው፤ ምንም ማስላት አያስፈልግም። የታተመው የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው በስድስት ሰዓት ይሳሳታል፤ ስድስት ሰዓት ደግሞ ልክ ከሙላት እስከ ጉድለት ያለው ጊዜ ነው።

አስተማሪው «አሥራ ሁለት» ሲል

የሰዓት ነገር ከተነሣ አይቀር ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ሰዓት እንደኛ የማይቆጥር ሰው አያጋጥመውም፣ ስለዚህ የፈረንጅ አስተማሪ አይነግራችሁም።

ካይት የሚማር ሰው ሰማዩን እንደ ግድግዳ ሰዓት አድርጎ እንዲያስብ ይነገረዋል። ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ቆማችኋል፣ ካይቱ ከፊታችሁ ነው። 12 ማለት ካይቱ አናታችሁ ላይ ነው ማለት ነው። 3 በቀኝ በኩል ውሃው አጠገብ፣ 9 ደግሞ በግራ በኩል ውሃው አጠገብ ነው። አሁን ሰዓቱን በፈረንጅ አስሮ በሐበሻ የሚያነብ ሰው አስቡ። ለዚህ ሰው የሰዓቱ አናት ስድስት ነው፤ በግራ ያለው 9 ለእሱ ሦስት ነው፤ በቀኝ ያለው 3 ለእሱ ዘጠኝ ነው። ሁሉም ነገር ተገለበጠ። አስተማሪው «ሦስት» ብሎ ሲጮህ ቀኝ ማለቱ ነው፤ የእኛ ሰው ልማዱ ወደ ግራ ይወስደዋል።

አንድ ያገሬን ልጅ ሳስተምር ይህን አየሁ። ጎበዝ ነበር፣ እንግሊዝኛውም ጥሩ ነበር። «ወደ ሦስት አውርደው» አልኩት፤ ለአፍታ አሰበና በተቃራኒው ሳበው። ካይቱ በነፋሱ መሐል አቋርጦ ሲያልፍ ጉልበቱ እጥፍ ሆነ፣ ልጁን ከውሃው ነቅሎ አምስት ሜትር ያህል ወሰደው። ውሃው ደረት ድረስ ስለነበር ተረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማርኛ ተናጋሪ ሳስተምር ቁጥር ትቻለሁ። «አናት»፣ «ቀኝ ታች»፣ «ግራ ታች»፣ «ቀኝ መሐል» እላለሁ። እናንተም የውጭ አገር አስተማሪ ካገኛችሁ ከመግባታችሁ በፊት በእጅ እያሳያችሁ ተግባቡ።

ነፋስ

ነፋስ የሚለካው በኖት ነው፤ 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። ለጀማሪ ከ12 እስከ 18 ኖት የሆነ የማይዋዥቅ ነፋስ ይበቃል። መለኪያ ባይኖራችሁ ባሕሩን ተመልከቱ፤ ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም ብቅ ማለት ሲጀምር 12 ኖት አካባቢ ደርሷል፣ ባሕሩ በሙሉ ነጭ ሲለብስ የእናንተ ቀን አይደለም።

ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናል። ካይቱ በ12 ኖት በምቾት ሲስባችሁ ከቆየ በኋላ 24 ኖት የሆነ ግፊት ቢመጣ፣ በአንዴ አራት ሰው የሚጎትታችሁ ያህል ነው። ስለዚህ የካይቱን ስፋት በሚመጣው ኃይለኛ ግፊት ልክ ምረጡ፤ አሁን እየነፈሰ ባለው ልክ አትምረጡ። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ16 ኖት አካባቢ 12 ካሬ ሜትር ካይት ይይዛል፤ ነፋሱ 22 ወይም 23 ሲደርስ ወደ 9 ይወርዳል። ተጠራጥራችሁ በሁለት ካይት መካከል ከቆማችሁ ትንሹን አንሡ።

አቅጣጫው ከጉልበቱ አይተናነስም። ነፋሱ ከመሬት ወደ ባሕር የሚነፍስ ከሆነ፣ ምንም ያህል ውሃው ጥልቀት ባይኖረው አትግቡ። ገመድ ቢበጠስ ወይም ካይቱ ቢወድቅ ነፋሱ ወደ ውስጥ ይዟችሁ ይሄዳል፤ ከኮራሉ አጥር ውጭ ደግሞ ባሕሩ ወገብ ድረስ አይደለም። ከባሕር ወደ መሬት ቀጥ ብሎ የሚነፍሰውም አደገኛ ነው፤ ጀማሪውን ዛፍና ግንብ ላይ ይወረውረዋል። ጥሩው በሰያፍ፣ ከጎን መጥቶ ወደ ዳር የሚያዘነብለው ነው። ዲያኒ ላይ ሁለት ነፋሶች አሉ። ካስካዚ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ይበረታል። ኩሲ ከደቡብ ምሥራቅ ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል። ሁለቱም በሰያፍ ስለሚመጡ ነው ቦታው የተወደደው። በመካከላቸው፣ በተለይ ትልቁ ዝናብ በሚጥልበት ሚያዝያና ግንቦት፣ ነፋሱ አይታመንም።

ጥቁር ደመና ከባሕሩ በኩል ተነሥቶ ድንገት ቀዝቃዛ አየር ከመታችሁ ውጡ። ጅማ ላደግን ለእኛ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚነፍሰው ቀዝቃዛ ሽውታ አዲስ አይደለም፤ ማሳ ውስጥ ሆነን ቡና ለማንሣት የምንሮጠው ያኔ ነው። ባሕር ላይ ያው ሽውታ በደቂቃዎች ውስጥ ነፋሱን እጥፍ ያደርጋል። መብረቅ ካለም 24 ሜትር ወደ ሰማይ የተዘረጋ እርጥብ ገመድ ይዛችሁ መቆም የለባችሁም።

ዳር ላይ

አብዛኛው ክፉ አደጋ ውሃ ውስጥ ሳይሆን ካይቱ ሲነሣና ሲያርፍ ነው የሚደርሰው። ገመዳችሁ 24 ሜትር ከሆነ፣ ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ቢያንስ የሁለት ገመድ ርዝመት፣ ማለትም 50 ሜትር ያህል፣ ከሰውም ከዕቃም ባዶ መሆን አለበት። ዲያኒ ላይ ቱሪስት የጫኑ ግመሎች ዳር ዳሩን ይመላለሳሉ፤ ንጋላዋ የሚሏቸው በሁለት ጎን ክንፍ ያላቸው የእንጨት ጀልባዎች ይቆማሉ፤ የመልሕቃቸው ገመድ ከውሃው ስር ተወጥሮ አይታይም። ልጆች ካይት ሲያዩ ይሮጡበታል። ገመዱ በነፋስ ሲወጠር እንደ ቢላ ነው፤ በእጅ አይያዝም፣ በጣት አይጠቀለልም፣ በላዩም አይታለፍም።

ገመዶቹን ከማስነሣታችሁ በፊት አንድ በአንድ ከባሩ እስከ ካይቱ በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ተከተሏቸው። ግራና ቀኝ የተዛወረ ገመድ ካይቱን ገና ሲነሣ ያሽከረክረዋል። የሚያስነሣላችሁ ሰው የሚያውቅ ይሁን፤ አውራ ጣት ወደ ላይ «ልቀቀው»፣ አናትን በእጅ መምታት «ማረፍ እፈልጋለሁ፣ ተቀበለኝ» ማለት ነው። ካይቱ ከተነሣ በኋላ አናታችሁ ላይ አቁማችሁ አሸዋ ላይ ወሬ አትያዙ። ከዛፎቹና ከሆቴሎቹ ግንብ የሚመለስ ግፊት ወደ ላይ ያነሣል፤ ሰው ከመሬት ተነቅሎ የሚወረወረው እንዲህ ነው። ካይቱን ወደ ባሕሩ በኩል ዝቅ አድርጋችሁ ወዲያው ወደ ውሃው ሂዱ፤ ቦርዱን የምታደርጉት ከዳሩ ርቃችሁ፣ እምብርት ድረስ ያለው ጋ ስትደርሱ ነው። አሸዋ ላይ የተቀመጠ የተነፋ ካይት ደግሞ በአየር የተነፋው የፊት ጠርዙ ወደ ነፋሱ ይሁን፤ ላዩም ላይ አሸዋ ጫኑበት።

ማላቀቂያው

ከካይት ለመላቀቅ ሦስት ደረጃ አለ፤ በቅደም ተከተል ነው። አንደኛ ባሩን መልቀቅ። አብዛኛው ነገር በዚህ ይፈታል፣ ሰው ግን ሲደነግጥ የበለጠ ይጨብጠዋል፤ በጨበጠው ቁጥር ካይቱ ይብስበታል። ሁለተኛ ከወገባችሁ ፊት ያለውን ማላቀቂያ ወደ ውጭ መግፋት፤ ያኔ ካይቱ በአንድ ገመድ ብቻ ይንጠለጠልና ይረግባል። ሦስተኛ እሱም አልረገበም፣ ወደ አለት ወይም ወደ ሰው እየጎተታችሁ ነው፤ ካይቱን ከእናንተ ጋር ያስቀረችውን የመጨረሻዋን ገመድ፣ የሊሹን፣ ማላቀቂያ ፈታችሁ ካይቱን ጨርሳችሁ ስጡት። ካይት ውድ ነው፣ አውቃለሁ፤ የብዙ ወር ደሞዝ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ስጡት።

ጥልቀት በሌለው ውሃ ይህ ማላቀቂያ የራሱ ጠላት አለው፦ አሸዋ። ውሃው ሲረበሽ አሸዋ ይዞ ይነሣል፣ ማላቀቂያው ውስጥ ይገባል፣ ጨው ሲጨመርበት ይጠነክራል። ጠዋት በአንድ ጣት የተገፋው ከሰዓት በሁለት እጅ አልገፋም ሲል አይቻለሁ። ስለዚህ በየቀኑ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ በገባችሁ ቁጥርም ካይቱ ከመነሣቱ በፊት አንዴ ፈትታችሁ መልሱት።

እግርና አንገት

ያለ ጫማ አትግቡ። ከስስ ላስቲክ የተሠራ የውሃ ጫማ ይሸጣል። ዲያኒ ላይ ሣርና አለት ባለበት የባሕር ጃርት አለ፤ ጥቁር እሾሁ ገብቶ ይሰበራል። የሚታየውን በወረንጦ አውጡ፣ ጥልቅ የገባውን ግን አትቆፍሩ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አሸዋ ስር የሚደበቅ ጅራቱ መርዛማ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣም አለ፤ ስትራመዱ እግራችሁን ሳታነሡ እየጎተታችሁ ሂዱ፣ ንዝረቱን ሰምቶ ይሸሻል። ከወጋችሁ ሕመሙን የሚያስታግሰው ሙቅ ውሃ ነው፤ ቆዳ የማያቃጥል፣ 45 ዲግሪ ያልዘለለ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል እግርን መንከር። ከዚያ ሐኪም ጋ። ኮራል የቆረጠው ቁስል ትንሽ ቢመስልም ቶሎ ያመረቅዛልና ወዲያው በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብ።

ሰው በጭንቅላቱ ወድቆ ካልተነሣ፣ ወይም ተነሥቶ አንገቱን ከያዘ፣ ወይም እጁና እግሩ ደነዘዘኝ ካለ፣ ጎትታችሁ አታውጡት። የኛ ሰው ደግ ስለሆነ አምስት ሆኖ እጅና እግር ይዞ ያነሣል፤ አንገቱ የተጎዳ ሰው ዕድሜ ልኩን የማይራመድ የሚሆነው ያኔ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ካይቱን አላቁለት። ፊቱ ከውሃ በላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ በግንባሩ ተደፍቶ ከሆነ ራሱንና ሰውነቱን አንድ ላይ፣ እንደ አንድ ግንድ፣ አዙሩት። አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሳያንቀሳቅስ ይያዝ፤ ውሃው ራሱ ሰውየውን ተሸክሞ ይጠብቀዋል። ሰሌዳ የመሰለ ጠፍጣፋ ነገር ይምጣ፣ እርዳታ ይጠራ። የማይተነፍስ ከሆነ ግን ከአንገቱ ይልቅ ትንፋሹ ይቀድማል፤ ቶሎ አውጡትና ተንፍሱለት።

ዋናን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ ከመሄዳችሁ በፊት ተማሩ። መዋኛ ገንዳ ባለበት ቦታ ሁለት ወር ብትመላለሱ ይበቃል። ፊታችሁን ነክራችሁ ሳትደነግጡ መቆየት፣ በጀርባ መንሳፈፍ፣ 100 ሜትር ሳትቆሙ መዋኘት። ገመድ እግራችሁን ጠምዝዞ ሲጥላችሁ ወገብ ድረስ ያለ ውሃ ውስጥም መቆም አትችሉም።

ጅማ ላይ ምን መለማመድ ይቻላል

«ግልገል ጊቤ ሐይቅ ላይ ለምን አንሞክርም?» ይሉኛል። አይሆንም። ግድቡ ሲሠራ የተጥለቀለቀ መሬት ነው፤ ከስሩ ጉቶ ይሁን አጥር አይታይም፣ ቁመቱም ከፍ ዝቅ ይላል፣ ነፋሱ ከኮረብታዎቹ እየተጠማዘዘ ነው የሚመጣው። ጅማ አጠገብ ያለው ቦዬ ረግረግም ቢሆን የጉማሬ ቤት ነው።

የኳስ ሜዳ ግን አለን። ሁለት ካሬ ሜትር የምትሆን የመለማመጃ ካይት አለችኝ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲኖር ወጣቶቹን ይዤ እወጣለሁ። እጅ ካይትን የሚለምደው መሬት ላይ ነው፤ ባሕር ዳር ከደረሱ በኋላ በውድ ዋጋ የሚማሩትን ግማሹን እዚሁ ይጨርሱታል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለበት ሜዳ ርቁ፤ አባ ጅፋር አየር ማረፊያ አካባቢም ጨርሶ አታስነሡ። ዝናብ ሲያጉረመርም ይወረዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳሩ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሳሳል። የካይት ጉተታም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ በአንድ እጅ የያዛችኋት ካይት፣ ነፋሱ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ ሞምባሳ ላይ የበለጠ ትስባለች። የመጀመሪያ ቀን ስትወጡ እጃችሁ የለመደውን አትመኑ።

ሜዳው ጭቃ ሲሆን ደግሞ ግቢዬ ውስጥ ያለው አቮካዶ ዛፍ አለ። ሃርነሱን አስታጥቄ፣ ከቅርንጫፉ በገመድ አንጠልጥዬ፣ እግራቸው መሬት ሳይነካ ማላቀቂያውን አሥር ጊዜ እንዲገፉ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ዓይን ገልጦ፣ ቀጥሎ ዓይን ጨፍኖ፣ ቀጥሎ እጅ በሳሙና ተቀብቶ፣ በመጨረሻ ጎኑን እየወዘወዝኩት። እናቴ በረንዳ ላይ ቡና እያፈላች ትቆጥርልናለች። ባለፈው ሞምባሳ የሚሄደው ልጅ ሰባተኛው ላይ እጁ ባሩ ጋ ሄደ፤ «አባቴ፣ እንደገና ከአንድ ጀምር» አለችው። አሥሩንም ሳይስት የጨረሰው ሦስተኛው ቡና ሲወርድ ነው።